የሚዘል የኋላ ጎማ
በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴል መኪናዎችን የኋላ ሱስፔንሽን ለጎርባጣ መንገድ ስለ ማስተካከል ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ዘወትር የሚነሡት ርእሶች ድልድይና ግድብ፣ የኃይል መስመርና የመንገድ ሥራ ናቸው። የዛሬው ርእስ ግን ክብደቷ ከ1.5 ኪሎ ግራም ብዙም የማያልፍ፣ ርዝመቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ፣ በባትሪ የምትሠራና በሬዲዮ የምትመራ አንዲት ትንሽ መኪና ናት። ነገሩ ሲሰማ የልጆች መጫወቻ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ይህችን መኪና ጉብታ በበዛበት የአፈር መንገድ ላይ በሙሉ ፍጥነት ለመንዳትና የኋላ ጎማዎቿን ከመሬት ሳያላቅቅ ለመጨረስ የሚሻ ሰው፣ የሞላ፣ የዘይት፣ የክብደትና የጊዜ ሕጎች ሁሉ ባንድነት ተሰልፈው ይጠብቁታል። ሕጎቹ በትልቁ አውቶቡስና በጭነት መኪናው ላይ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ስሕተቱም እርማቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው።

የኋላ ጎማው እየዘለለ ያስቸገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው መድኃኒት አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ሞላውን በጠንካራ ሞላ መለወጥና የሾክ አብዞርበሩን ዘይት ማወፈር ነው። የሚዘለውን ነገር አጥብቆ ማሰር ለአእምሮ ቅርብ ሐሳብ ስለሆነ ይህ አያስደንቅም። ዳሩ ግን በጎርባጣ መንገድ ላይ ጎማው የሚዘለው ከመጠን በላይ ስለታሰረ የሚሆንበት ጊዜ እጅግ ይበዛል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ በሽታውን ያብሰዋል። ስለዚህ የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር፣ መዝለል ሁሉ አንድ በሽታ አለመሆኑን ማሳየት፣ የሻሲውን ዝግተኛ እንቅስቃሴ ከጎማው ፈጣን እንቅስቃሴ ለይቶ ለእያንዳንዱ ተገቢውን ማርገቢያ መስጠት እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

1. የመኪናዎቹ አመጣጥ

እነዚህ መኪናዎች ከመጀመሪያው የተራቀቁ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1979 ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ራፍ ራይደር» እና «ሳንድ ስኮርቸር» የተሰኙትን፣ መጠናቸው ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሆነውን ሞዴሎች ለገበያ አቀረበ። ሳንድ ስኮርቸር በኢትዮጵያ መንገዶች ላይም በሚገባ የሚታወቀውን የቮልስዋገን ቢትል መልክና የሱስፔንሽን አሠራር የወረሰች ነበረች። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣት «ግራስሆፐር» በዋጋ ቀለል ያለችና ጠንካራ በመሆኗ በብዙ አገር የጀማሪዎች መግቢያ በር ሆነች፤ ሆኖም የኋላ ጎማዎቿ በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ስለነበሩ አንደኛው ጎማ ጉብታ ሲረግጥ ሁለተኛውም አብሮት ይናወጥ ነበር።

በዚያው በ1984 ቲም አሶሼትድ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ሮጀር ከርቲስ የነደፋትን «አርሲ 10» አወጣ። ሻሲዋ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ አራቱ ጎማዎቿ በየራሳቸው ክንድ የተያዙ፣ ሾክ አብዞርበሮቿም ዘይት የሞሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ ዴል ማር በተደረገው፣ በዚህ መጠን ላሉ የኤሌክትሪክ የአፈር መንገድ መኪናዎች በተዘጋጀው የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና ላይ፣ በሁለት ጎማ በሚነዱት ምድብ ጄይ ሃልሲ በዚህች መኪና አሸነፈ። በ1987 በእንግሊዝ አገር ሮምዚ በተደረገው ውድድር ደግሞ በዚሁ ምድብ ድሉ የጆኤል ጆንሰንና የኪዮሾ ኩባንያ «አልቲማ» ሆነ። እርሷም እንደ ቀዳሚዋ ጎማዎቿ በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ፣ ሾኮቿም ዘይት የሞሉ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ የሞተሩ ዓይነት ተለውጧል፤ ብሩሽ የነበረው ሞተር ብሩሽ በሌለው፣ የኒኬል ካድሚየም ባትሪም በሊቲየም ተተክቷል። ኃይሉ በዚህ መጠን በመጨመሩ ችግሩ ወደ ጎማው ተሸጋገረ። በአየር ላይ የተንሳፈፈ ጎማ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ መኪናዋን ወደ ፊት አይገፋትምና።

2. ትንሿ መኪናና የጊዜዋ መለኪያ

ሞዴል መኪናን ለማስተካከል የሚነሣ መሐንዲስ በቅድሚያ ሊረዳው የሚገባ ነገር አለ። የመኪናዋ ርዝመት በአሥር ሲካፈል የምድር ስበት ግን አልተካፈለም። ስለሆነም ሞዴሏ የምትኖርበት ጊዜ የትልቁ መኪና ጊዜ አይደለም፤ እንቅስቃሴዋ ሁሉ በ10 ካሬ ሥር፣ ማለትም 3.16 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። የተለመደው የቤት መኪና በሞላው ላይ በሴኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ከሞዴሏ የሚጠበቀው ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያህል ነው።

ይህንንም በቀላል ስሌት ማረጋገጥ ይቻላል። በአንድ የኋላ ጎማ በኩል በሞላው ላይ ያረፈው ክብደት 350 ግራም ነው ቢባል፣ ሞላው ራሱ በሜትር 350 ኒውተን የሚጠነክር ሆኖ፣ ሾኩ በክንዱ ላይ ከያዘው ቦታ የተነሣ በጎማው ላይ የሚሰማው ጥንካሬ ግን 140 ኒውተን በሜትር ቢሆን፣ ተፈጥሯዊ የመወዛወዝ ድግግሞሹ 3.2 ኸርዝ ይሆናል። ቁጥሩ ከላይ ከተነገረው ጋር ይስማማል።

አሁን ይህች መኪና በየ80 ሴንቲ ሜትሩ ጉብታ በተደረደረበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በሴኮንድ 8 ሜትር ስትሮጥ መንገዱ በሴኮንድ 10 ጊዜ ይመታታል። ይህ ከተፈጥሯዊ ድግግሞሿ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለ ንዝረት የተማረ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ የመንገዱ ምት ከተፈጥሯዊው ድግግሞሽ ከ1.41 እጥፍ በላይ ሲሆን ማርገቢያው በጠነከረ መጠን ወደ ሻሲው የሚተላለፈው ንዝረት ይበዛል እንጂ አያንስም። በአንጻሩ መኪናዋ ከመታጠፊያ ወጥታ በሴኮንድ 2.5 ሜትር ብቻ ስትሄድ ያው መንገድ በሴኮንድ 3.1 ጊዜ ይመታታል፤ ይህም ከተፈጥሯዊ ድግግሞሿ ጋር ስለሚገጣጠም፣ ማርገቢያው ከላላ ሻሲው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። አንዱ መንገድ፣ በአንድ ዙር ውስጥ፣ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይጠይቃል ማለት ነው። የማስተካከል ጥበብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ግጭት ነው።

3. ሦስቱ የመዝለል ዓይነቶች

ከመንገዱ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው የኋላው ክፍል መዝለል አንድ ዓይነት ሊመስለው ይችላል። በጥንቃቄ ሲታይ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ምት ነው። ጎማው ጉብታውን እንደ ነካ ወደ ላይ ሊሸሽ ሲገባው ሾኩ አልሸሽ ስለሚለው፣ ጉብታው መኪናዋን በሙሉ ከኋላ አንሥቶ ይወረውራታል። ምልክቱ ጅራቷ በአንድ ጉብታ፣ ወዲያውኑና በድንገት ወደ ላይ መነሣቱ ነው። ከአረፈች በኋላ ግን ጸጥ ትላለች።

ሁለተኛው መስጠም ነው። ጎማው ወደ ላይ መሸሹን ይሸሻል፤ ከጉብታው በስተጀርባ ወዳለው ጐድጓዳ ለመመለስ ግን ጊዜ ያጥረዋል። ሳይመለስ ሁለተኛው ጉብታ ይደርሳል፤ ቀጥሎም ሦስተኛው። በዚህ ዓይነት ሱስፔንሽኑ በየጉብታው እየተጨመቀ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚቀረው መንገድ ያልቅበታል። ምልክቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጉብታዎች በሰላም አልፋ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ በድንገት መዝለሏ ነው።

ሦስተኛው መወዛወዝ ነው። ጎማዎቹ መሬት ላይ ናቸው፤ ሻሲው ግን ጉብታው ካለፈ በኋላም ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። የማርገብ ጉድለት የሚባለው ይህ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዘይት ማወፈር የሚፈውሰው ሦስተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ያከፋል። በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም የሚታመን እንዳልሆነ ሁሉ፣ የመዝለሉን ዓይነት ሳይለይ ሾክ የሚፈታ መሐንዲስም ከሦስት ሁለት ጊዜ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ የሥራው መጀመሪያ በወገብ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይንን ከጎማው ቁመት ጋር አስተካክሎ፣ ሌላ ሰው ሲነዳት መመልከት ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ ፊልም ቀስ ብሎ እንዲታይ ማድረግ ስለሚቻል ይህ ሥራ ከቀድሞው ቀሏል።

4. ጎማውን ወደ ታች የሚገፋው ምንድር ነው?

ሁለተኛውን በሽታ፣ ማለትም መስጠምን፣ በትክክል ለመረዳት ይህን ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። ጎማውን ወደ ጐድጓዳው የሚመልሰው በዋናነት የሞላው ግፊት ነው። በእረፍት ጊዜ ይህ ግፊት ከተሸከመው ክብደት ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 3.4 ኒውተን ያህል ነው። ጎማው፣ ቸርኬውና አብሯቸው የሚንቀሳቀሰው የክንድ ክፍል ባንድነት 100 ግራም ቢመዝኑ፣ ጎማው ከምድር ስበት 4.5 እጥፍ በሆነ ግፊት ወደ መሬት ይመለሳል። ክብደታቸው 150 ግራም ቢሆን ግን ይህ ወደ 3.3 እጥፍ ይወርዳል። በጎማ ላይ የተቀነሰ እያንዳንዱ ግራም በሻሲ ላይ ከተቀነሰው ይበልጥ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ስሌት ውስጥ ሊጤን የሚገባው የመነሻው ግፊት በሞላው ጥንካሬ ላይ አለመመሥረቱ ነው። ጠንካራውም ለስላሳውም ሞላ በእረፍት ጊዜ የሚሸከሙት ያንኑ ክብደት ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጎማው ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ነው። ጥንካሬው 140 ኒውተን በሜትር የሆነው ሞላ ጎማው 10 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ከግፊቱ 1.4 ኒውተን ያጣል፤ 200 የሆነው ግን 2 ኒውተን፣ ማለትም ካለው ግፊት ከግማሽ በላይ ያጣል። ስለዚህ በጐድጓዳ መንገድ ላይ ጎማውን ወደ ታች ተከትሎ የሚገፋው ለስላሳው ሞላ ነው። የሚዘለውን ጎማ በጠንካራ ሞላ መሬት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ለጎማው መውረጃ የሚሆን መንገድም መኖር አለበት። ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ክንዱ ከእረፍቱ ቦታ ምን ያህል እንደሚወርድ በውስጡ በሚገባ ትንሽ ቀለበት ወይም በብሎን ይወሰናል። ለለስላሳ መንገድ ይህን መውረጃ ማሳጠር መኪናዋን በመታጠፊያ ላይ ያረጋጋታል። ለጎርባጣ መንገድ ግን ማስረዘም ይገባል፤ ያለዚያ ከጉብታው ጫፍ ላይ ሞላው ገና ጉልበት እያለው ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚህ ጋር የሻሲውን ከፍታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ማንሣት ሆዷ መሬት እንዳይመታ ይረዳል፤ ነገር ግን የክብደት ማዕከሏም አብሮ ስለሚነሣ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌ እንደሚጨምር መርሳት አይገባም።

5. ዘይትና ቀዳዳ

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ተደርሷል። በሾኩ ውስጥ ያለው ፒስቶን ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ከፕላስቲክ የተሠራ ክብ ነው። ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ከሁለት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው የዘይቱ ዝልግልግነት ነው፤ ይህ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል። ሁለተኛው ዘይቱ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ ሲገባና ሲወጣ በግድ መፍጠኑ የሚያስከትለው ኪሳራ ነው፤ ይህ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በዘይቱ ውፍረትም አይለወጥም።

በውድድሩ ሰዎች ዘንድ ሾኩ በፈጣን ምት ላይ ድንገት የሚደድርበት ነገር የዘይቱ መናወጥ እየተባለ ይጠራል። በስሌት ሲመረመር ግን ፍሰቱ ከመናወጥ ደረጃ አይደርስም። ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ እያንዳንዳቸው 1.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት ፒስቶን፣ ዝልግልግነቱ 350 ሴንቲስቶክ በሆነ የሲሊኮን ዘይት ውስጥ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢንቀሳቀስ፣ ዘይቱ በቀዳዳው ውስጥ በሴኮንድ 14 ሜትር ይፈሳል፤ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ግን 64 ያህል ብቻ ነው። መናወጥ በቧንቧ ውስጥ የሚጀምረው ከ2000 በላይ እንደሆነ ይታወቃል። መደደሩን የሚያመጣው ከላይ የተጠቀሰው ሁለተኛው ምንጭ ነው።

የመግቢያና የመውጫ ኪሳራውን 1.5 አድርጎ፣ በፒስቶኑ ዙሪያ የሚያመልጠውን ዘይት ትቶ ቢሰላ፣ ፒስቶኑ በሴኮንድ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሄድ የዝልግልግነቱ ተቃውሞ 1.3 ኒውተን፣ የሁለተኛው ደግሞ 0.16 ኒውተን ያህል ነው፤ ማለትም አንድ ስምንተኛ። ፍጥነቱ አሥር እጥፍ ሲሆን የመጀመሪያው 13 ኒውተን ሲደርስ ሁለተኛው ወደ 16 ኒውተን ያሻቅብና ይበልጠዋል። ድምሩ 29 ኒውተን በክንዱ በኩል ወደ ጎማው ሲተላለፍ 18 ኒውተን ያህል ይሆናል፤ ይህም ጎማው በእረፍት ጊዜ ከሚሸከመው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ጉብታው መኪናዋን የሚወረውራት በዚህ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድር ነው? ዘይቱን ብቻ ማቅጠን ምቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሻሲው በመታጠፊያ መውጫ ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። ትክክለኛው መንገድ ቀዳዳውን አስፍቶ ዘይቱን አብሮ ማወፈር ነው። የዝልግልግነቱ ተቃውሞ ከቀዳዳው ዲያሜትር አራተኛ ኃይል ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ቀዳዳው ከ1.6 ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ይህ ቁጥር 1.6 እጥፍ ስለሚያድግ፣ በዝግታ ጊዜ የነበረውን ማርገብ እንዳለ ለመጠበቅ ዘይቱ ከ350 ወደ 560 ሴንቲስቶክ መወፈር አለበት። ሁለተኛው ምንጭ ግን የዘይቱን ውፍረት ስለማያውቅ በዚያው 1.6 እጥፍ ይቀንሳል። ውጤቱም በዝግታ ጊዜ እንደ ቀድሞው የሚይዝ፣ በፈጣን ምት ጊዜ ግን ተቃውሞው አንድ አምስተኛ ያህል የቀነሰ ሾክ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ፍላጎቶች የተለያዩበት ቁልፍ ይህ ነው። ዘይቱ የሻሲው፣ ቀዳዳው የጎማው ማስተካከያ ነው ብሎ ማጠቃለል ይቻላል።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ቦታ አለው። መንገዱ ትልልቅ መዝለያዎች ያሉበትና በመካከላቸው ለስላሳ ከሆነ፣ ከከፍታ የምታርፈውን መኪና ሆዷ መሬት እንዳይመታ የሚይዛት ጠባብ ቀዳዳና ቀጭን ዘይት ነው። መዝለያም ጉብታም ባለበት መንገድ ላይ አማካይ መፈለግ ግድ ይላል። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ መኪናዋን ከጉልበት በታች ከሆነ ከፍታ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አግድም መልቀቅና ሻሲው ወለሉን ሲዳስስ ማየት ነው። በኃይል ከመታ ማርገቡ አንሷል፤ ጨርሶ ካልቀረበው ለጎርባጣ መንገድ ደድሯል።

ሁለት የአሠራር ማስታወሻዎችን እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። በዘይቱ ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው የውፍረት ቁጥር ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ስለሆነም የሚታመነው በሴንቲስቶክ የተገለጸው ነው። ደግሞም የግራና የቀኝ ሾኮች አንድ ካልሆኑ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በአንደኛው ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ፣ ወይም በአንደኛው ዘንግ ላይ የሚያጠብቅ ጎሚኒ፣ ከ100 ሴንቲስቶክ ልዩነት የበለጠ ጥፋት ሊያስከትል ይችላል። ሞላቸው ወጥቶ ሁለቱ በእጅ ጎን ለጎን ሲገፉ በእኩል ፍጥነት መሄድና በእኩል መመለስ አለባቸው።

6. የክንዶቹ አቀማመጥ

ሾኩ በክንዱ ላይ የሚያዝበት ቀዳዳ አነስተኛ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ውጤቱ በካሬ ያድጋል። ከክንዱ ማጠፊያ 50 ሚሊ ሜትር ላይ የነበረው ሾክ ወደ 55 ቢወሰድ፣ በጎማው ላይ የሚሰማው የሞላ ጥንካሬ በ21 በመቶ ይጨምራል፤ ማርገቡም እንዲሁ። ሞላ ሳይለወጥ ሞላ ተለወጠ ማለት ነው። ከላይ በኩል ደግሞ ሾኩን ወደ መካከል አጋድሎ ማሰር መነሻውን ለስላሳ፣ መጨረሻውን ጠንካራ ስለሚያደርገው ለትናንሽ ጉብታዎች ይስማማል።

የኋላ ክንዶቹ ማጠፊያ ዘንግ ከፊት በኩል ከፍ እንዲል ሲደረግ፣ የሞተሩ ግፊት ራሱ ጅራቷ እንዳትቀመጥ ይደግፋታል። 1.5 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ከስበት 0.6 እጥፍ በሆነ ፍጥነት ጭማሪ ስትነሣ ግፊቱ 9 ኒውተን ያህል ነው። የክብደት ማዕከሏ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎቿ ርቀትም 28 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ወደ ኋላ የሚዞረው ክብደት 1.6 ኒውተን ነው፤ የ3 ዲግሪ ዝንባሌ ከዚህ ውስጥ ሦስት አሥረኛ ያህሉን ይሸከማል። በለስላሳ መንገድ ይህ ጠቃሚ ነው። በጎርባጣው ላይ ግን ነጂው ነዳጅ እንደሚረግጥ ሁሉ ኃይል በሰጠና በነሣ ቁጥር ሱስፔንሽኑ አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ጉብታ መሀል ኃይል መስጠት የሚጠበቅበት ነጂ ዝንባሌውን ወደ 1 ዲግሪ ወይም ወደ ዜሮ ቢያወርደው መኪናዋ ትገራለታለች።

የላይኛው አጭር ዘንግ ሲረዝም ጎማው ሲወጣና ሲወርድ የሚያጋድለው ይቀንሳል፤ የጎማው ፊትም ከመሬት ጋር ተስተካክሎ ይቆያል። ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዘው ቀጭን የማረጋጊያ ብረት ካለ፣ ለጎርባጣ መንገድ ማውጣቱ ይመረጣል፤ የአንዱን ጎማ ምት ለሌላው ስለሚያደርስ በግራስሆፐር ላይ የነበረውን ችግር በከፊል ይመልሰዋል። የኋላ ጎማዎች አፍንጫ ወደ ውስጥ የሚጠቁምበት 3 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ግን መኪናዋን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝ ሊነካ አይገባውም።

በመጨረሻም የመጀመሪያው ሞላ ላስቲኩ ራሱ መሆኑ እንዳይዘነጋ። በውስጡ ያለው ስፖንጅ ሲደድር ሾኩ ገና ሳይንቀሳቀስ ጎማው ይነጥራል። ቸርኬው ወይም ላስቲኩ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ የታፈነው አየር ራሱ እንደ ኳስ ያነጥረዋል።

7. የሥራው ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ማስተካከያዎች ከአሥር ያላነሱ ናቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ደረጃ ብቻ ቢኖራቸው እንኳ የሚገኙት ጥምረቶች ከ59,000 ይበልጣሉ። ሁሉንም በመሞከር መፍትሔ ማግኘት የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ሥርዓት ያስፈልጋል።

በቅድሚያ መኪናዋ ጤነኛ መሆኗ ይረጋገጣል፤ ሾኮቹ ይታጠባሉ፣ አዲስ ዘይት ይሞላሉ፣ ክንዶቹ ሾኩ ተፈትቶ ሳለ በራሳቸው ክብደት ወርደው መውደቃቸው ይታያል። ቀጥሎ የመዝለሉ ዓይነት ይለያል። ከዚያም በተራ ላስቲኩና ስፖንጁ፣ መውረጃውና ከፍታው፣ ሞላው፣ ፒስቶኑና ዘይቱ፣ መጨረሻ ላይ የክንዶቹ አቀማመጥ ይነካሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ከለውጡ በፊትና በኋላ አምስት አምስት ዙር ይነዳል፤ የእያንዳንዱ ዙር ሰዓት በደብተር ይጻፋል። ለውጡ የማይረዳ ከሆነ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ይህም ይጻፋል።

በደብተሩ ላይ መታየት ያለበት ከሁሉ የፈጠነው አንድ ዙር ብቻ አይደለም። የአምስቱ አማካይና በመካከላቸው ያለው ልዩነትም መታየት አለበት። አንድ ጊዜ ፈጥና አራት ጊዜ የምትገለበጥ መኪና በአምስት ደቂቃ ውድድር ውስጥ ዘወትር በምትረጋጋው ትበለጣለች። ነጂው ጅራቷ የት እንደምትሄድ አስቀድሞ ባወቀ ጊዜ እጁ ይደፍራል፤ ባላወቀ ጊዜ ሞተሩ ያለውን ኃይል ራሱ ይነፍጋታል።

ክቡራትና ክቡራን፤ አንድ ወጣት መሐንዲስ ስለ ንዝረትና ስለ ፍሰት በትምህርት ቤት የተማረው ቀመር ከፈተና ወረቀት በኋላ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በትልቅ መኪና ላይ ሞክሮ ለመማር ገንዘቡም ፈቃዱም አይገኝም፤ ስሕተቱም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። በዚህች ትንሽ መኪና ላይ ግን የሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር የቀዳዳ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ ገምቶ፣ አስልቶ፣ ሠርቶ፣ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ግምቱ ልክ መሆኑንና አለመሆኑን ያያል። ከዚህም የሚያገኘው ትምህርት ከሜዳው ውጭ ይከተለዋል። የሚያስቸግር ነገር ሲገጥመው ወዲያውኑ ከማጥበቁ በፊት፣ የቱ ክፍል መያዝ፣ የቱ ክፍል ነጻ መለቀቅ እንዳለበት ለይቶ መጠየቅን ይለምዳል።